የጌዴኦ ጓሮ፦ ደንም ነው፣ ጎተራም ነው

[ምስል፦ ትኩስ ድፎ ዳቦ፣ ኮባው ሲላጥ]

ድፎ ዳቦ ስትቆርሱ ከሥሩ የተነጠፈውን ኮባ ልጣችሁ ትጥሉታላችሁ አይደል? ብዙዎቻችን እንሰትን የምናውቀው በዚያ ቅጠል ነው። ወይ ደግሞ ክትፎ ቤት፣ በቆጮ። ዛሬ ተክሉ ያለበት ቦታ ድረስ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ፣ ሐዋሳን አልፈን ዲላ። ጌዴኦ ዞን፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል።

[ምስል፦ ከአየር ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ዳገት]

ይሄን ከላይ ያየ ሰው ደን ነው ይላል። እስቲ ጠጋ በሉ። ከዛፎቹ መሀል ጭስ ይወጣል። ቤት አለ። ደን የመሰለን ነገር የሰው ጓሮ ነው፣ እርሻው ነው።

ከላይ እንደ ብርብራና ዋንዛ ያሉ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ከነሱ ዝቅ ብሎ እንሰት። ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ያውም ዓለም ይርጋጨፌ ብሎ የሚጠራው ቡና፤ ከዚያም ወረድ ሲባል ጎመኑና ሌላው የጓሮ አትክልት። ዩኔስኮ ይህንን የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አገሩ ዳገት ነው፣ የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ። ዶፍ ሲወርድ መጀመሪያ ዛፉን ይመታል፣ ቀጥሎ ሰፊውን የእንሰት ቅጠል፣ ከዚያ ቡናውን። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል፣ አፈሩም በረገፈ ቅጠል ተሸፍኖ ነው የሚጠብቀው። ብርብራ ደግሞ ከነባቄላ ወገን ነው። እንደነሱ መሬቱን በናይትሮጅን ያዳብራል፣ ቅጠሉም ሲረግፍ እዚያው በስብሶ አፈር ይሆናል።

ጥያቄው ግን ይሄ ነው። ጌዴኦ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት፣ መሬት የጠበበበት አካባቢ ነው። ታዲያ ዛፉ እስካሁን እንዴት ተረፈ?

መልሱ በአብዛኛው እንሰት ነው ባይ ነኝ። በቆሎ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በቆሎ ለመዝራት ዛፍ ይመነጠራል፣ መሬት ይታረሳል፣ ዝናቡ ከቀረ ደግሞ የዚያ ወቅት ምርት ቀረ ማለት ነው። እንሰት ከዛፍ ጋር ተስማምቶ ያድጋል። እንደ ቦታው ከፍታ 4 ዓመትም 7 ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ እውነት ነው ያስጠብቃል። ከደረሰ በኋላ ግን የመኸር ወር የለውም። ከማበቡ በፊት በቸገራችሁ ሰዓት ትቆርጡታላችሁ፣ ካልቸገራችሁ ቆሞ ይጠብቃችኋል። የቡና ብር የሚመጣው በወቅቱ ነው፣ ዋጋውንም የሚወስነው ሩቅ ያለ ገበያ ነው። ቆጮው ግን ጓሮ ውስጥ ነው። የሚበላው ያለው ቤተሰብ ዛፉን ቆርጦ ለመሸጥ አይጣደፍም።

[ምስል፦ እጅ በቅርበት፣ የቀርከሃ መፋቂያ]

አሁን እንሰት የምትፍቀውን ሴት እጅ ተመልከቱ። እንሰቱ ግንድ ያለው ይመስላል እንጂ ግንድ አይደለም፣ ተደራርቦ የቆመ የቅጠል ሽፋን ነው። አንዱን ትገነጥልና ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ታጋድመዋለች። በቀርከሃው ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ እርጥብ ነገር ይወርዳል፣ እጇ ላይ ቃጫው ይቀራል። ቃጫው ገመድ ይሆናል። ከመሬት በታች ያለው ወፍራሙ ክፍል፣ አምቾው፣ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል፤ ለቆጮ ከሆነ ተከትክቶ ከተፋቀው ጋር ይቀላቀልና በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል፣ እዚያ ይቦካል። ሲጨመቅ ከውሃው ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። በደንብ የተቀበረ ቆጮ ለወራት ይቆያል፣ ፍሪጅ የለ መብራት የለ።

ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። እንሰትን እያሞገስን ይሄን ብንዘለው ትልቅ ነገር ይቀርብናል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመፋቂያ ማሽን ሠርቷል፤ እንዲህ ያለው ነገር በየቀበሌው ቢገባ ስንት ወገብ ያድን ነበር። ደግሞም ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ጎመኑ፣ ባቄላው፣ አይቡ አብሮት የሚቀርበው በከንቱ አይደለም።

ጓሮው ግን እየተገፋ ነው። ጫትና ባሕር ዛፍ ቶሎ ብር ያመጣሉ። የልጅ ደብተር መግዣ የቸገረው ገበሬ ቢተክላቸው አልፈርድበትም፣ ግን ባሕር ዛፍ ሥር ጎመን አይበቅልም፣ እንሰቱም ቦታ ያጣል።

[ምስል፦ የጠወለገ እንሰት]

የባሰው ይሄ ነው፣ አጠውልግ የሚባለው። ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይዝለፈለፋል፣ ሲቆረጥ ቢጫ የሚመስል ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። መድኃኒት የለውም። የታመመው ተነቅሎ ርቆ ይቀበራል። ከተክል ወደ ተክል ከሚያሻግሩት ነገሮች ዋናው ደግሞ እኛው ነን፦ በቢላችን። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላ ጎረቤት ተዋሰው ማለት፣ በሽታውንም አብሮ ተዋሰ ማለት ነው።

[ምስል፦ ምድጃ፣ ቢላ በነበልባል ላይ]

ስለዚህ እንሰት ያላችሁ፣ ወይም አገር ቤት እንሰት ያላቸው ወላጆች ያሏችሁ፣ ዛሬ ማታ ስትደውሉ ይቺን ንገሯቸው። ቢላው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት እሳት ላይ ይያዝ። በሁለቱም በኩል፣ በደንብ እስኪግል። ከጎረቤት ሲመለስም እንደዚያው።