ቲቦርና የጋሽ ሻይ እጅ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ የቤት ኪራዩን ጉዳይ እጨርሳለሁ ብያችሁ ነበር፣ አውቃለሁ። ይቆይ። ማሞቂያውም ያው ነው፣ ከጀርባ ቷ ቷ ሲል ብትሰሙ እሱ ነው፣ ለምዳችሁታል። ዛሬ ስለ ጋሽ ሻይ ነው የማወራው፣ ቤታቸው እየሄድኩ ስለምረዳቸው ሽማግሌ። ደህና ናቸው፣ አትደንግጡ። ሻዩም እንደተለመደው ቀጥኗል ተብሏል።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝ አለ። ለእህቴም በስልክ ነገርኳት፣ «እና ምን ይጠበስ?» አለችኝ። እሷን ታውቋታላችሁ። እኔ ግን እየተመላለሰብኝ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሾርባ እያሞቅኩ ነው። ቴሌቪዥኑ የኳስ ውጤት ያወራል፣ እሳቸው አያዩትም። ድንገት «በዚህ ሰዓት እኮ ትግል ነበር» አሉ። ምን ትግል ስላቸው ነቃ አሉ። እኚህ ሰው ጠዋት ጠዋት ሁለት ቃል ለማውጣት የሚቸገሩ ናቸው እኮ! ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ፣ በእነሱ አራት ሰዓት መሆኑ ነው፣ የኳስ ውጤት ከመነገሩ በፊት፣ እንግሊዝ አገር በየቤቱ ነፃ ትግል ይታይ ነበር። አይቲቪ የሚባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ትግል ማስተላለፍ የጀመረው በ1955 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እስከ 1988 ቀጠለ። አስተላላፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኬንት ዋልተን የሚባል ሰውዬ ነው። ጋሽ ሻይ ድምፁን አስመሰሉልኝ፤ ለስለስ ያለ፣ የማይጮህ። አያቶች ሳይቀሩ ከሪንጉ ጎን ቁጭ ብለው ይሳደቡ ነበር አሉ፣ በቦርሳ የሚማቱም ነበሩ። በ1963 ልዑል ፊሊፕ ራሳቸው ለንደን ያለው ትልቁ አዳራሽ፣ አልበርት ሆል ሄደው ትግል አይተዋል። ተራ ነገር አልነበረም ማለቴ ነው።

ከዚያ «ግን ቲቦርን አላየሽም» አሉኝ።

ቲቦር ሳካች። ሃንጋሪያዊ ነው። ወንድሙ ፒተርም ታጋይ ነበር። እኔ ስሙን ሰምቼው አላውቅም፣ እናንተም አትሰሙትም፣ ጋሽ ሻይ ግን የሟች ወንድማቸውን ስም እንደሚጠሩ ነው የጠሩት።

እሺ፣ አሁን የነገሩ ቦታ ላይ ደረስኩ። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

«እጅሽን አምጪ» አሉ። ግራ እጄን ሰጠኋቸው። አንዱን እጃቸውን አንጓዬ ላይ አደረጉ፣ ሌላውን መዳፌ ጀርባ ላይ። አውራ ጣታቸው ሁለቱ አጥንቶች መሃል ገባ፣ እንዴት እንዳገኘው አላውቅም። ከዚያ ወደ ውጭ ጠመዘዙት። አላመመኝም። ግን ትከሻዬ ሳላዘው ዝቅ አለ! ወገቤ ተከተለው። እኚህ ሰው ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው የሚያፈሱ ናቸው፣ የሸሚዝ ቁልፋቸውን እኔ ነኝ የምቆልፍላቸው፤ እና እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እኔን የምታህል ሴት በሁለት ጣት አጎነበሱኝ። «አየሽ፣ አሁን ሁለት ምርጫ አለሽ» አሉ። «ወይ ተሸነፍኩ ትያለሽ፣ ወይ ወደፊት ተገልብጠሽ ክንድሽን ትፈቺዋለሽ። ቲቦር ይገለበጥ ነበር።» ዓይናቸው! እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

በዚህ መሃል ልጃቸው ዕቃ ገዝታ ገባች። ደግ ልጅ ናት፣ ይሄን አስምሩበት፣ በየሳምንቱ ትመጣለች። አየችንና ሳቀች። «አባዬ፣ እሱ እኮ ሁሉም ውሸት ነበር» አለች። በክፋት አይደለም። እንደው እያለፈች፣ ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ እየከተተች።

ለቀቁኝ። በአንዴ አይደለም፣ ጣት በጣት ነው የለቀቁኝ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ላላ። ከዚያ ሌሎቹ። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ መልሰው «ሻዩ አልቀዘቀዘም?» አሉ።

በቃ ይሄው ነው። ምንም አልተፈጠረም። ማንም አልተጣላም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጓዬን እየነካሁ ነው።

ቪዲዮ ቤት ያደጋችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት በጣውላ አግዳሚ ተቀምጠን፣ ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች እየተባልኩ፣ ከወንድሜ ኋላ ተሸጉጬ ነፃ ትግል አይቻለሁ። ግማሹ ሰው «እውነት ነው» ይላል፣ ግማሹ «ድራማ ነው»። ድራማ ነው ያለ ልጅ ይወገዝ ነበር። ሐቁን ስለማናውቅ አይመስለኝም። ሁላችንም የሆነ ነገር እንጠረጥራለን። ግን አሁን አይባልማ! ሰውዬው ገመዱ ላይ ቆሞ ሊዘል ነው፣ አሁን አይባልም።

እና እዚያ ሁልጊዜ አክተሩ ይታወቃል፣ ጠላቱም ይታወቃል። ጠላቱ ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው ነው። አይረን ሺክን አስታወሳችሁት? ኢራናዊው። ባንዲራውን ይዞ ሲገባ አሜሪካኖቹ ጣሪያ እስኪነካ ይጮሁበታል። በ1984 መጀመሪያ ላይ ሃልክ ሆጋን ሲያሸንፈው ሃልክን ሃልክ ያደረገው እሱ ነው። የውጭ ሰው ካጡ ደግሞ ይፈጥሩታል፤ ፍሪትዝ ቮን ኤሪክ የሚባለው «ጀርመናዊ» እኮ የቴክሳስ ልጅ ነው። ሰውዬው ሪንግ ሳይገባ ስሙ ብቻ ያስጠላዋል።

ቲቦር ግን ሃንጋሪያዊ ሆኖ አክተር ነበር። ይሄ ነው የገረመኝ። ጋሽ ሻይ የሚሄዱበት የምሳ ክበብ አንዲት እናት አሉ፣ ሳደርሳቸው ጠየቅኳቸው። «ቲቦር? ጨዋው!» አሉ ወዲያው። ማንን እንዳሸነፈ አያስታውሱም። አልበርት ሆል ዋንጫ ማንሳቱን የነገሩኝ ጋሽ ሻይ ናቸው፣ እናትየዋ ግን ዋንጫውም አይገዳቸውም። ጨዋ ነበር፣ በሕግ ይታገላል፣ አያጭበረብርም፣ አለቀ። ጋሽ ሻይ የያዙት አያያዙን ነው፣ እናትየዋ የያዙት ፀባዩን።

ጋሽ ሻይ ስለ ሃንጋሪ ሲያወሩ ደግሞ ወዲያው ወደ 1956 ነው የሚሄዱት። የሶቪየት ታንክ ቡዳፔስት ሲገባ፣ ወደ 200 ሺህ ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ፣ ከዚያ ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚሆነው እንግሊዝ ገባ። ትግል በቴሌቪዥን ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ሰዉ በዜና ያለቀሰለትን አገር ስም ቅዳሜ ከሰዓት ሪንግ ላይ ሲሰማ፣ መቼም እንደ ጠላት ሊያየው አይችልም። ወይም... እንጃ። እንደዚያ ይሆን? በዚያው ዘመን ሌላውን ስደተኛ ቤት አናከራይም ብለው በር ላይ ይለጥፉ ነበር። ይሄንንም ጋሽ ሻይ ናቸው የነገሩኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ስለዚህ ሕዝቡ ደግ ነበር ብዬ ልዝጋው አልችልም። አንዳንዱ ስደተኛ ይታቀፋል፣ አንዳንዱ በር ላይ ይቀራል፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት እችል ነበር፣ ዛሬ ግን እሱን ከጀመርኩ ማታውን አልተኛም።

ቆይ፣ ወደ ውሸቱ ልመለስ።

ልጅቷ ልክ ናት። ውጤቱ አስቀድሞ ይወሰን ነበር። በ1985 ጃኪ ፓሎ የተባለ ከታዋቂዎቹ ታጋዮች አንዱ፣ እንዴት እንደሚሠራ በመጽሐፍ ዘረገፈው፣ የሙያ ባልደረቦቹ ክፉኛ ተቀየሙት። ስለዚህ ምስጢር አይደለም። ጋሽ ሻይም ያውቃሉ። ያውቃሉ እኮ! እሳቸው ሞኝ አይደሉም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ሐዲድ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ግን አንጓዬ ላይ ያሳዩኝ ነገር ውሸት አልነበረም። ትከሻዬ እኮ ወርዷል! ማን ያሸንፍ የሚለው የተወሰነ ነው፣ እጁ ግን መቆለፍ አለበት፣ መውደቁም እንጨት ላይ ነው፣ መገለበጡንም ሰውነቱ መቻል አለበት። ለዚህ ስንት ዓመት ይለፋበታል?

ማታ ቤት ገብቼ ቪዲዮ ፈለግኩላቸው። ላሳያቸው ብዬ። ከሰባዎቹና ከሰማንያዎቹ ብዙ አለ፤ ቢግ ዳዲ አለ፣ ጃያንት ሄይስታክስ አለ፣ እነሱን ጠግቤ አየሁ። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የተረፈው ጥቂት ነው። ብዙው በቀጥታ ተላልፎ እዚያው የቀረ ነው፣ ማንም አላስቀመጠውም። እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው። ያ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ የሆነው ነገር በፊልም የለም። ያለው ጋሽ ሻይ አውራ ጣት ውስጥ ነው፣ የትኛው አጥንት መሃል እንደሚገባ በሚያውቀው። እና እሱን ነው «ውሸት ነበር» ብለን... አይ፣ እሷ እንደዚያ ለማለት አይደለም። ደክሟት ነው የመጣችው። እኔም አባቴ ስለ ወጣትነቱ ሲያወራ ስንቴ «እሺ አባባ» ብዬ አልፌያለሁ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን።

ሰኞ ስሄድ እጄን ዘረጋሁላቸው። «ያን አያያዝ እንደገና አሳዩኝ» አልኳቸው። አዩኝ። «የቱን?» አሉ። ረስተውት ነው ወይስ ሊያወሩት አልፈለጉም፣ ይሄንን ነው መለየት ያቃተኝ። ከረሱት እሺ፣ ዕድሜ ነው፣ ይቻላል። ካልረሱት ግን... ከልጃቸው ጋር ላውራ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ? እኔ የማን ነኝ፣ የቤተሰብ ነገር ውስጥ... ደግሞ ልጅቷ ትበሳጭና... አላውቅም። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር? እህቴ ተይው ትላለች። እህቴ ግን ሁሉንም ነገር ተይው ነው የምትለው፣ ያንን የኪራዩንም ነገር ተይው ብላኝ እኮ ነው እዚህ ውስጥ የገባሁት፣ እሱን እንኳ በሚቀጥለው...