የቢሮ ኮምፒውተራችሁን ማን ነው የሚቆልፈው?

[መክፈቻ፦ የተቆለፈ ስክሪን። የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ይሰማል።]

እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናነሣው ሻይ ልትቀዱ ዞር ስትሉ የሚቆለፍባችሁን የቢሮ ኮምፒውተር ነው። አንዳንዱማ ዞር እስክትሉም አይጠብቅም። ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ ደረሰኝ እያገላበጣችሁ ይቆለፋል። የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ፤ ይቆለፋል። ደግማችሁ ታስገባላችሁ፤ ደግሞ ይቆለፋል። በቀን ሃያ ጊዜ የይለፍ ቃል የጻፈ ሰው በሃያ አንደኛው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? በቢጫ ወረቀት ይጽፍና ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጥፈዋል። አይቻለሁ። እናንተም አይታችኋል። የለጠፋችሁም እዚሁ አላችሁ።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ «ደቂቃውን እንዴት ላስረዝመው?» እያላችሁ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ የሚቆልፈው ማን ነው? ቆላፊው አንድ ብቻ አይደለምና።

እስቲ ወደ አንድ ግቢ እንግባ። የኪራይ ቤት ግቢ ነው። ተከራይታችሁ የኖራችሁ ከአሁኑ ፈገግ ብላችኋል።

አከራይዋ እትዬ ገና ቤቱን ስታዩ ነግረዋችኋል፦ «ልጄ፣ በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።» እሺ ብላችሁ ገባችሁ። ዘበኛው አባባ ግን የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ብርዱ ሲጀምራቸው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መቀርቀሪያውን ይወረውሩታል። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ አይጠይቁም። የእትዬ የበኩር ልጅ ደግሞ ጭራሽ ሰዓት የለውም፤ መኪናውን ይዞ ሲወጣ በሩን ከኋላው ቆልፎ ይሄዳል። አሜሪካ ያለችው ልጃቸውም አለች። በስልክ ትደውልና «እማዬ፣ ዘመኑ ክፉ ነው፣ በጊዜ ዝጉ!» ትላለች። አሥር ዓመት ግቢውን አላየችውም፣ ትእዛዟ ግን ይከበራል። በመጨረሻ ውሻው ቡቺ አለ። ቡቺ ከተፈታ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም አትገቡም።

እናንተ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረሳችሁ። በሩ ተዘግቷል። ታንኳኳላችሁ። ዝናቡ ይወርዳል። በማግስቱ እትዬን ትለምናላችሁ፦ «እትዬ፣ እባክዎ እስከ አራት ሰዓት ያድርጉልኝ።» ደግ ናቸው፤ «ይሁን ልጄ» አሉ። ያን ዕለት ማታ ተዝናንታችሁ ሦስት ሰዓት ላይ መጣችሁ። አሁንም ተዘግቷል!

እትዬ ዋሹ? አልዋሹም። የእሳቸው ሰዓት በእርግጥ አራት ሆኗል። አባባን ግን ማንም አልለመናቸውም። ከሁሉም ቀድሞ የሚዘጋው ሰው የግቢው ሕግ እሱ ነው። እኔ ይህን ሕግ በነሐሴ ዝናብ፣ ጃንጥላ ሳልይዝ ነው የተማርኩት። ምሳሌውን የማልለቀውም ለዚህ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። ዊንዶውስ በተጫነበትና ድርጅቱ በሚያስተዳድረው ኮምፒውተር ላይ እትዬ ማለት የስክሪን ሴቨር ፖሊሲ ነው። በግሩፕ ፖሊሲ ይመጣል፤ ይህም ድርጅቱ ለኮምፒውተሮቹና ለሠራተኞቹ ከአንድ ቦታ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት መንገድ ነው። ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ በሴኮንድ ይቆጥራል። አባባ «ማሽን ኢንአክቲቪቲ ሊሚት» የሚባለው፣ ማሽኑ ሳይነካ የሚቆይበት ገደብ ነው። ከማሽኑ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ጉዳይ የለውም፤ እሱም በሴኮንድ ይቆጥራል። አሜሪካ ያለችው ልጅ ኢንቱን ናት፤ የማይክሮሶፍት የርቀት ማስተዳደሪያ። ትእዛዟ በኢንተርኔት ይመጣል፤ እሷ የምትቆጥረው ግን በደቂቃ ነው። የበኩር ልጁ ዳይናሚክ ሎክ ነው። ስልካችሁ በብሉቱዝ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተጣመረ፣ ስልኩን ይዛችሁ ስትርቁ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ይቆልፋል። ቡቺ ደግሞ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሲነቃ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ነው። አለቀ። አምስቱንም አወቃችኋቸው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተመልካች አስተያየት]

ወደ መፍትሔው ልሄድ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር የተጻፈ አንድ አስተያየት አላሳልፍ አለኝ። አንድ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት፤ በየሳምንቱ ነው የሚመጣው። «በፓወር ሴቲንግ ገብቼ ሁሉንም በፍጹም አይጥፋ አድርጌዋለሁ፤ አሁንም ይቆለፋል፤ ቫይረስ ይሆን?» ይላል።

ቫይረስ አይደለም። እናንተ የነካችሁት የበሩን አምፖል ነው። አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ በሩ ይከፈታል? አይከፈትም። ቢጠፋስ በሩ ይቆለፋል? አይቆለፍም። የስክሪን መጥፋት የመብራት ጉዳይ ነው። መተኛት የኃይል ቁጠባ ጉዳይ ነው። መቆለፍ የጥበቃ ጉዳይ ነው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ አንድ መስለው ይታያሉ። «በፍጹም» ያላችሁት አምፖሉን ነው፤ አባባ አልሰሟችሁም።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። ስክሪን ሴቨር ማለት ስክሪን አዳኝ ማለት ነው። በዚያ በድሮው፣ ጀርባው እንደ ሣጥን በሚወጣው ስክሪን ላይ አንድ ምስል ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ መስታወቱ ውስጥ የተቀባው ፎስፈር ይጎዳና ጥላው ታትሞ ይቀር ነበር። ያንን ለመከላከል ነው ስዕል እንዲንቀሳቀስ የተደረገው። በኋላ የይለፍ ቃል ተጨመረበት። ሣጥኑ ስክሪን ጠፋ፤ ስሙ ቀረ። ዛሬ የድርጅቱን ምስጢር የሚጠብቀው ቁልፍ የሚገኘው ስለ ስክሪን ውበት በሚያወራ ማውጫ ውስጥ ነው። ይህን ያዘጋጀ ሰው ቢገኝ አንድ ሁለት ነገር በጠየቅኩት ነበር።

ደግሞ፣ መቆለፍ ሥራችሁን አያጠፋም። የከፈታችሁት ሰንጠረዥ እንዳለ ይጠብቃችኋል። በሩ ቢቆለፍ ወጡ ከምድጃው ላይ አይወርድም።

እሺ፣ መፍትሔው። ፈጠን ልበል፤ ትእዛዞቹ በስክሪኑ ላይ አሉ። የትእዛዝ መስኮቱን በአስተዳዳሪ መብት ክፈቱና ጂፒሪዘልትን አስኪዱ፤ የትኛው ፖሊሲ ከየት እንደመጣ በሪፖርት ያወጣላችኋል። ያለ አስተዳዳሪ መብት ካስኬዳችሁት የእትዬን ያሳያችኋል፤ የአባባን አያሳያችሁም። ቀጥሎ ዊንዶውስ የሆነውን የሚጽፍበት የክስተት መዝገብ፦ በሴኪዩሪቲ ክፍል 4800 ቁጥር «ተቆለፈ» ማለት ነው፤ 4801 «ተከፈተ»፤ 4802 «ስክሪን ሴቨር ተነሣ»። እነዚህ የሚመዘገቡት ምዝገባው አስቀድሞ ከተከፈተ ነው፤ ካልተከፈተ ባዶ ታገኛላችሁ። ከ4800 በፊት 4802 ካገኛችሁ በስክሪን ሴቨር በኩል ነው የተቆለፈው። 4802 ከሌለ ስልካችሁንና ቡቺንም ጠርጥሩ። አስተዳዳሪ ካልሆናችሁ ይህን ሁሉ ተዉትና ለአይቲ ክፍሉ ሦስት ነገር ንገሩ፦ ከስንት ደቂቃ በኋላ ተቆለፈ? ከመቆለፉ በፊት ስክሪኑ ጨለመ? ስልካችሁስ የት ነበር? «ኮምፒውተሬ አስቸገረኝ» ብላችሁ ብቻ አትደውሉ፤ እባካችሁ። የአይቲ ሰውም እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ማውዙን በራሱ የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ መሣሪያ የገዛችሁ ደግሞ አላችሁ። እሱ በሩ እንዳይዘጋ ሥሩ ድንጋይ ማድረግ ነው። እናንተ ትገባላችሁ፤ ሌባውም ይገባል። የባንክ ካርድ መረጃ የሚነኩ ድርጅቶች የሚገዙበት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው መመዘኛ ሥራ ሳይሠራበት ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየ ኮምፒውተር ባለቤቱን እንደገና እንዲጠይቅ ያዝዛል። 15 ደቂቃ ለእኔ ተገቢ ነው። ሁለት ደቂቃ ግን ጭካኔ ነው፤ ቢጫውን ወረቀት የሚያስለጥፈው እሱ ነው። ቻናሉን ገና ያልተከተላችሁ፣ እጃችሁ ማውዝ ላይ እያለ ደወሏን ተጫኗት፤ ቆላፊውም እንቅስቃሴ ይቆጥርላችኋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል «ኮምፒውተሮቻችን አብደዋል» ተብዬ ተጠራሁ። ስገባ ክፍሉ ዝም ብሏል፤ ሁሉም በአንድ እጁ ወረቀት ይዞ በሌላው ማውዝ ያወዛውዛል። ዋና የሂሳብ ሠራተኛዋ ጠቋሚ ጣታቸውን እንደ መቁጠሪያ በማውዙ ላይ ያንኳኳሉ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «ልጄ፣ ካቆምኩ ይዘጋብኛል» አሉኝ። ጣታቸውን አቆሙልኝ፤ ቆጠርኩ። በ15 ሴኮንድ ተቆለፈ።

የሁሉም ምስክርነት አንድ ነበር፦ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ጀመረ። መብራቱ ነው ያበላሸው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «የእኔ ደኅና ነው፣ ሰበብ አታብዙ» እያሉ ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር ብቻ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው፣ ነበረው። እዚህ ላይ ነቃሁ። አባባ፣ ማለትም የማሽኑ የቆይታ ገደብ፣ ሲቀየር ሥራ የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። ከመሸ በኋላ አንድ ሰው ፖሊሲውን ቀይሮ ሄዷል፤ ጠዋት ሠራተኞቹ ገብተው፣ በየልማዳቸው ሌሊቱን ሳያጠፉት ባደረው ኮምፒውተር ሥራ ጀምረዋል፤ መብራቱ ሲሄድ ሁሉም ወደቁ፤ ሲመለስ ሁሉም አዲሱን ትእዛዝ ይዘው ተነሡ። የሥራ አስኪያጁ ስላልወደቀ አልታዘዘም።

የቀየረው ሰው 15 ብሎ ነው የጻፈው። ደቂቃ መስሎት። ቁጥሩ የሚጻፍበት ሳጥን ግን የሚያነበው በሴኮንድ ነው። 900 ብዬ አስተካከልኩት፤ ከዚያም ሁሉም እንዲያጠፉና እንዲያስነሡ ጠየቅሁ። «እንደገና እናጥፋ?» አሉኝ፣ በጥፋት የመጣን በጥፋት ልመልስ የተነሣሁ መስሏቸው።

ከወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ስመለስ ዋና የሂሳብ ሠራተኛዋ በቀኝ እጃቸው ቡና ይዘው ከጎረቤታቸው ጋር ይጫወታሉ። ግራ እጃቸው ማውዙ ላይ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።