«ምንም አልሆንኩም፣ ቀጥዪ»

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጫማ ነበር የማወራው። ግን የአድዋ ዕለት የሆነው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ጫማው ይቆየን።

ሻምበልን ታውቁታላችሁ፣ ታናሼን። ራስ ዳሸንን ልንወጣ ስላሰብን ለልምምድ በሱባ በኩል የወጨጫን ተራራ እየወጣን ነበር። ጥዱ አልቆ አስታው ሲጀምር ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። የቦርሳውን ማንገቻ ይዞ መሬት መሬት ያያል። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም አልሆንኩም፣ ቀጥዪ» አለኝ። ግን ግንባሩን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል። አየሁት። እንዳየሁትም አይቷል። «ራስህን ነው?» ስለው ድምፁ ተለወጠ። «እታለም፣ ቀጥዪ አልኩሽ እኮ!» እሱ እኔ ላይ ጮሆ አያውቅም። ከዚያ አልፎኝ ሄደ። በፍጥነት። ጫፍ እስክንደርስ ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት።

ምናልባት ከፍታው ላይሆን ይችላል። ወጨጫ ወደ 3,400 ሜትር ቢጠጋ ነው። የከፍታ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ማታ፣ አረፍ ስትሉ። እሱ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው። ውሃ አልቀመሰም፣ ቡናም አልጠጣም። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ጥማቱም ሊሆን ይችላል፣ ቡናውም። ይሄን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ። አልተረጋጋሁም።

የሻምበልን ክርክር ታውቁታላችሁ፦ «እኛ ከፍታ ላይ የተወለድን ነን፣ ምን መለማመድ ያስፈልገናል?» ማስረጃው ማሞ ወልዴ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ፣ የሌላው አገር ሯጭ አየር ሲያጥረው ማሞ አስር ሺህ ሜትሩን ሁለተኛ ወጣ፣ ቀናት ቆይቶ ማራቶኑን አሸነፈ። በ36 ዓመቱ! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ግን ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት። ከእኛ ሰፈር ታንሳለች እኮ። ራስ ዳሸን ከ4,500 በላይ ነው። ደግሞ በዚያው ማራቶን አበበ ራሱ እግሩን አሞት አቋርጧል። አበበ ቢቂላ! ወንድሜ እሱን አያነሳም።

አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እላይም እታችም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል አለን። ዳሸን ጫፍ ላይ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ሰውነት መጀመሪያ ትንፋሽ ያበዛል። ቀይ የደም ሴል ለመጨመር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እንጦጦን ቦርሳ ተሸክመን ስንወጣና ስንወርድ ጉልበታችን ጠንክሯል፣ እውነት ነው። ጉልበት ግን ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጎበዙ ቶሎ ስለሚወጣ ቶሎ ሊያገኘው ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ዕቅዳችን ደህና ነው። ከደባርቅ ተነስተን፣ መንገድ ላይ ባሉት ማደሪያዎች፣ ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ቀስ እያልን። ከ3,000 በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምርም። በመጨረሻ አምቢቆ ዝቅ ብሎ አድሮ፣ ጫፉን ነክቶ መመለስ። ሁሉም ተጽፏል። ግን ሕጉ በሙሉ የቆመው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ያመመው ሰው «አሞኛል» ማለት አለበት። ራስ ምታት ይዞ ወደ ላይ የለም። ካልተሻለው ይወርዳል፣ አለቀ። እና እሱ ማታ ጨነቅ ላይ ራሱን እየፈለጠው፣ ምግብ እያስጠላው፣ «ምንም አልሆንኩም» ቢለኝስ? በምን አውቃለሁ?

ደግሞ አንዳንዴ እኔ ነኝ የማካብደው እላለሁ። ልጁ ጠምቶት ነበር፣ በቃ። እህቱ ከሰው ሁሉ ፊት «ራስህን ነው?» ስትለው ማን ደስ ይለዋል? ግን እኮ ሰው አልነበረም። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ትናንት ደውሎልኝ ስለ ስሊፒንግ ባግ አወራን። ሳቅን ሁሉ። አላነሳሁበትም፣ እሱም አላነሳም። አስጎብኚውን አስቀድሜ ላናግረው ይሆን እያልኩ ነው፣ ማታ ማታ እሱ እንዲጠይቀው። ለባዕድ መናገር ይቀለው ይሆናል። ወይም ጭራሽ ይብስበታል፣ በስተጀርባዬ አወራሽ ብሎ... እንጃ። እናንተ ወንድም ያላችሁ...