በልብስ አጣቢዋ ስም የተጠራው ወይን

እንደምን አመሻችሁ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ!

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ የእረፍት ቀናችሁን ለዚህ ያዋላችሁም፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እዚህ ያለነው 12 ሰዎች ሁላችንም እንጀራችን ሆቴልና ምግብ ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ ተዋጥተን ገዝተነዋል። 75 ሴንቲ ሊትር ለ12 ሲካፈል 6 ሴንቲ ሊትር ይደርሰናል፤ ሦስት ጉንጭ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከመቅዳቴ በፊት ስለዚህ ወይን የማውቀውን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስሙ ክሎ ሳንት ኡን ይባላል። ሪስሊንግ ከሚባለው የወይን ዘር ብቻ የሚሠራ ነጭ ወይን ነው። አገሩ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አልዛስ ነው። ባለቤቱ ሪቦቪሌ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖረው የትሪምባክ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ወይን መጣል የጀመረው በ1626 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ ከወላጅ እየተረከበ ይኸው አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

እኔ ይህን ዓይነት ወይን መጀመሪያ ያወቅሁት በክፉ ቀን ነው። ብርጭቆ ከማጠብ ወደ አስተናጋጅነት ከተሸጋገርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። አንድ እንግዳ ብዙ ዓመት የቆየ የአልዛስ ሪስሊንግ አዘዙ። ቡሹን ነቅዬ ሳሸተው አፍንጫዬን ላምባ መታኝ። የልጅነታችን የኩራዝ ላምባ! ተበላሽቷል ብዬ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። ኃላፊዬ ከእጄ ነጥቆ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸብኝና ራሱ ሊቀዳላቸው ሄደ። ለምን እንደዚያ እንደሚሸት ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልነገረኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ጩኸቱ አይደለም። በየቀኑ ተሸክመን የምናመላልሰውን ነገር አንዲት ጠብታ ሳያቀምሱን እንድናውቀው መጠበቃቸው ነው የሚቆጨኝ። ዛሬ የሰበሰብኳችሁም ለዚሁ ነው።

ላምባው ጉድለት አይደለም። ሪስሊንግ ሲያረጅ ከራሱ የሚያወጣው ጠረን ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው፣ ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ዓይነት ንጥረ ነገር በጊዜ ብዛት እየፈረሰ ሲሄድ ያ ሽታ ይወለዳል። ፍሬው ብዙ ፀሐይ ካገኘ ይበረታል። እንግዳ «ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?» ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ይቅርታም አትጠይቁ። የዕድሜው ጠረን ነው በሏቸው። ደግሞ ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል? በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሰው ያንን ሽታ በእንቅልፍ ልቡም ይለየዋል።

ባለፈው መኸር ቦታውን ሄጄ አየሁት። ከሪቦቪሌ ትንሽ ወጣ ብላ ኡናቪር የምትባል መንደር አለች። ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ምሽግ በግንብ ታጥራ፣ ዙሪያዋን በወይን ተክል ተከባ ቆማለች። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም እዚያችው እየተፈራረቁ ይጸልያሉ፤ እኔን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከበላይዋ ሮዛኬር የተባለው ተዳፋት አለ። ክሎ ሳንት ኡን የዚያ ተዳፋት አንድ ቁራጭ ነው፤ 1.67 ሄክታር ብቻ። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው መሬት ነው። ከሥሩ ጥንት ባሕር በነበረበት ዘመን የተነጠፈ፣ የቀንድ አውጣና የዛጎል ስባሪ ያለበት የኖራ ድንጋይ አለ። ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ የቮዥ ተራሮች ስለሚያስቀሩት አካባቢው ደረቅ ነው፤ ፍሬው እስከ መኸር መጨረሻ ሳይበሰብስ ተረጋግቶ ይበስላል።

ሳንት ኡን ማለት ቅድስት ኡን ማለት ነው። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኖረች የባላባት ሚስት ናት። ወደ መንደሩ ምንጭ ወርዳ የድሆችንና የሕሙማንን ልብስ በገዛ እጇ ታጥብ ነበር ይላሉ። አንድ ዓመት ወይኑ ቢጠፋ ምንጩ ወይን አፈለቀ ብለውም ይተርካሉ። ቅጽል ስሟ «ቅድስት አጣቢዋ» ነው። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ከመካከላችን በእጥበት ያልጀመረ ማን አለ? በዓለም ላይ ከሚከበሩት ነጭ ወይኖች አንዱ የሚጠራው በንጉሥ ወይም በጌታ ስም ሳይሆን እጇ በውኃ በተጨማደደ ሴት ስም ነው።

መሬቱ በቤተሰቡ እጅ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቷል። ወይኑ በዚህ ስም ለብቻው መታሸግ የጀመረው ግን በ1919 ነው። አልዛስ በ1871 ወደ ጀርመን ሄዳ በ1918 ወደ ፈረንሳይ ተመልሳ ነበር፤ በ1940 እንደገና ተወሰደች፣ በ1945 እንደገና ተመለሰች። ባንዲራው ሲለዋወጥ ቤተሰቡ ተክሉን እየገረዘ ቆየ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የአዲስ እንጨት በርሜል ጣዕም አይገባበትም፣ ስኳሩ እየተብላላ ወደ አልኮል ተለውጦ ያልቃል፣ በቀጣዩ ፀደይ ወደ ጠርሙስ ይገባል። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጠርሙሱ ለገበያ ሳይወጣ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምድር ቤት ይተኛል። አስቡት! በዓመት ከአሥር ሺህ የማይበልጥ ጠርሙስ ነው የሚወጣው፤ ገዢው በር ላይ ቆሟል፣ ገንዘቡ ግን ጨለማ ውስጥ ተኝቷል። የሦስት ወር ሒሳብ የሚጠይቁ ባለአክሲዮኖች ቢኖሩበት ኖሮ ይህን ማድረግ የሚችል አይመስለኝም። እኔ የቤተሰብ ንብረት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው። አያት የተከለውን የልጅ ልጅ እንደሚለቅመው የሚያውቅ ሰው አምስት ዓመት አይረዝምበትም።

እንግዲህ ወደ ጠርሙሳችን። ይኼኛው ከተለቀመ አሥር ዓመት አልፎታል። ከማቀዝቀዣ ያወጣሁት ሆን ብዬ ቀደም አድርጌ ነው፤ አሁን 12 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንደ ቢራ በረዶ ካደረግነው ጠረኑ ይታፈናል። መጀመሪያ ቀለሙን እዩት፤ ወደ ወርቅ የሚወስደው ቢጫ ነው። ከዚያ አሽትቱ፦ ላምባው፣ ከኋላው ሎሚ፣ ከሎሚው ኋላ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ስትቀምሱት ጉንጫችሁን ጨምድዶ ይይዛችኋል። ስኳር አትፈልጉበት፣ የለም። የመጀመሪያውን ጉንጭ ከዋጣችሁ በኋላ ዝም በሉና ጣዕሙ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ለሁለተኛው ጉንጭ የዓሣ ጥብስ አቅርቤላችኋለሁ። ቃሪያውን ቀንሼዋለሁ፤ ወይኑን እንዳይሸፍንብን ነው።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አቅርቡ።