ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረ መድኃኒት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። አንዲት እናት ከአእምሮዬ አልጠፋ ስላሉኝ የሳቸውን ነገር ላጫውታችሁ።

የማታ ተረኛ ነበርኩ። ልጃቸው ደግፎ አስገባቸው። «እማማ፣ ምን ሆኑ?» ስላቸው በቃል አልመለሱልኝም። እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሃል ላይ አሳረፉት። እኛ ነርሶች ይቺን ምልክት እናውቃታለን። ልቡን የጨመቀው ሰው ብዙ ጊዜ በጣቱ አይጠቁምም።

ልጃቸው እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ ሰሞን ጨጓራ ነው ብለው ነበር። ዳገት ሲወጡ ይይዛቸዋል፣ ሲያርፉ ይለቃቸዋል። ጨጓራ ግን ዳገትና ሜዳ አይመርጥም። ዳገት ላይ ብዙ ደም የሚፈልገው ልብ ነው። የደም ቧንቧው ከጠበበ አይደርሰውም፣ ያኔ ያማል። በኋላ ታውቆ የደም ሥር የሚያሰፋው ናይትሮግሊሰሪን ታዞላቸዋል፤ ከምላስ ሥር የምትቀመጠዋ ትንሽ እንክብል።

«ሁለት ወሰድኩ ልጄ፣ ምንም አልረዳኝም» አሉኝ።

ኦክስጅናቸውን አየሁ፣ ግፊታቸውን ለካሁ፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) አነሳን፣ ሐኪሙ መጣ። በመሃል «መድኃኒቱን ይዘውታል?» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው የጫፉን ቋጠሮ ፈቱ። ሦስት መቶ ብር፣ አንድ ቁልፍ፣ አምስት ነጫጭ ፍሬዎች። ጠርዛቸው ተፈርፍሯል።

«ጠርሙሱስ?»

«ጠርሙስ ተሸክሜ ልዙር? ገንዘቤም መድኃኒቴም እዚሁ ነው።»

ናይትሮግሊሰሪን ከጠርሙሱ ሲወጣ ኃይሉ ይተናል። አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ እርጥበት ሁሉም ጠላቱ ነው። ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የሚታሸገውም ለዚህ ነው። እሳቸው ይህን ማን ነግሯቸው? «ከምላስ ሥር» ብለን መድኃኒቱን ሰጥተን እንሸኛለን። ስለ ጠርሙሱ እናወራለን? እኔ ራሴ ስንቱን ሳልነግር ሸኝቻለሁ! ይሄ ያንገበግበኛል።

ግፊታቸው ደህና ስለነበር፣ ሐኪሙ አዞ ከአዲስ ጠርሙስ አንዷን ሰጠናቸው። 5 ደቂቃ ሳይሞላ የተጨበጠው እጃቸው ተፈታ። «ራሴን ፈለጠኝ» አሉ። ደግ ነው፣ መድኃኒቱ የጭንቅላትንም የደም ሥር ስለሚያሰፋ ነው አልኳቸው። ራስ ምታቱን ፈርተው መድኃኒቱን የሚተዉ አሉ፤ እባካችሁ አትተዉ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ይቀመጥ። ቆሞ ከወሰደ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። በውኃ አይዋጥ። ከአንዷ በኋላ በ5 ደቂቃ ካልተሻለው «ትንሽ እንይ» አትበሉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ። ወንዶች ደግሞ ቪያግራና መሰሎቹን ወስዳችሁ ከሆነ አትደብቁን። ሁለቱ አንድ ላይ ግፊትን እስከ ሞት ሊያወርዱ ይችላሉ። ጥያቄው ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቤተሰቡን ከክፍል አስወጥቼ እጠይቃለሁ።

እማማ በአራተኛው ቀን ወጡ። ያስተማርኳቸውን መልሰው ነገሩኝ፣ አንድም አልሳቱም። ከዚያ ጠርሙሷን ከነክዳኗ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።