የጄፍ ኩንስ ፊኛ ውሻ፦ ለምን ያስመኛል? እንዴትስ ይሠራል?

[ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። ሱቅ በር ላይ በክር የተንጠለጠሉ ፊኛዎች።]

ተራኪ፦ ፊኛ ያየ ሕፃን መጀመሪያ እጁን ይዘረጋል። አሜሪካዊው አርቲስት ጄፍ ኩንስ የሚጫወተው በዚያች በተዘረጋች እጅ ነው።

“ፊኛ ውሻ” የተባለው ቅርፁ ከ1994 እስከ 2000 ድረስ የተሠራ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቁመቱ 3 ሜትር ከ7 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ63። አምስት ናቸው፦ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና ቢጫ። ለዓይን የልደት ፊኛ ነው፤ ሥጋው ግን ስቴንለስ ስቲል።

[ምስል፦ ሁለት እጆች፣ ረጅም ቀጭን ፊኛ፣ የእጅ ፓምፕ።]

ብረቱ እንዲገባን አስቀድመን ፊኛውን እንሥራ። ክቡ ፊኛ አይሆንም፤ ሲነፋ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 150 የሚደርሰው ቀጭኑ ነው የሚፈለገው። በአፍ ከመታገል ፓምፕ ይሻላል። ከጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይነፋ ይቅር። ከመቋጠራችሁ በፊትም ትንሽ አየር ልቀቁለት፣ ላስቲኩ ይላላል።

ከቋጠሮው ጀምሩ። ለአፍንጫ 5 ሳንቲ ሜትር ጠምዝዙ፣ ለጆሮዎቹ 5 እና 5። ጆሮዎቹን ጎን ለጎን አጥፋችሁ ከሥራቸው አንድ ላይ ጠምዝዙ፤ ተቆለፈ። አንገት 5። የፊት እግሮች 8 እና 8፣ እነሱም ታጥፈው ይቆለፉ። ሆድ 8፣ የኋላ እግሮች 8 እና 8። የተረፈው ጭራ ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስት ሦስት ዙር፤ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ካዞራችሁ እርስ በርስ ይፈታታሉ። መሃል ላይ ከፈነዳ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ አለመተው ነው። እያንዳንዱ ጥምዝ አየሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መሄጃ ሲያጣ ላስቲኩን ይቀደዋል። አብሽሩ፣ ሁለተኛው ይሰምራል።

አንድ ነገር ለወሎ ሰው፦ ኮምቦልቻ ላይ ጢም አድርጋችሁ ነፍታችሁ ደሴ እንዳትወጡ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትጨርሱ የውጭው የአየር ግፊት 8 በመቶ ገደማ ቀንሷል፣ የውስጡም አየር በዚያው ልክ ልስፋ ይላል። ላላ ተደርጎ የተነፋው ይችለዋል፤ የተወጠረው ድም ይላል። የተረፈውም ቢሆን ውሎ ሲያድር ይደበዝዝና ይሟሽሻል።

ኩንስ ይህን ሟች ነገር በጣም በተወጠረበት ሰዓት ያዘው። አፍንጫው ጫፍ ላይ ያለችው ቋጠሮ እንኳ አልቀረችም፤ በብረት አለች።

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ የብረታ ብረት ቤት፣ የብየዳ ብልጭታ።]

በርና ታንከር የሚበይዱ ባለሙያዎች የዚህ ሥራ ፈተና የቱ ጋ እንዳለ ወዲያው ያውቁታል። ስቴንለስ ሙቀት የሚያሳልፈው የተራውን ብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ሲሞቅ የሚሰፋው ግን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ሙቀቱ ብየዳው ዙሪያ ይጠራቀምና ላሜራው ይጣመማል። በአርጎን በይዱ፤ በየ2 እና 3 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ ነጥብ አስይዙ፣ ከዚያ እየዘለላችሁ ሙሉ። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ መጨረስ ነው የሚያበላሸው።

ስፌቱ (የብየዳው መስመር) በፍሌክስ፣ ማለትም በእጅ መፍጫ ማሽን፣ ይስተካከላል። ዲስኩ ግን ተራ ብረት ነክቶ የማያውቅ ይሁን፤ አለዚያ የብረት ብናኝ ስቴንለሱ ውስጥ ይቀበርና ቆይቶ የዝገት ነጥብ ያወጣል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ቁጥር ወደ ልስልሱ፦ 120፣ 240፣ 400፣ 600፣ 800። ፊተኛውን በቁም ከሳባችሁ ተከታዩን በአግድም ሳቡ፤ የቀድሞው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አትለፉ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። 120 ላይ ችላ የተባለች ጭረት በ800 አትነሳም፤ መጨረሻ ላይ በጨርቅ ዲስክና በማወልወያ ቅባት ሲያንጸባርቅ ጭራሽ ጎልታ ትወጣለች።

ቀለሙ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ብርሃኑ በቀለሙ ውስጥ ያልፍና ከብረቱ ነጥሮ ይመለሳል። የበር ቀለም ብትቀቡት መስተዋትነቱ አለቀ። የሚያሳልፈውም ውፍረቱ እኩል ካልሆነ በጥምዞቹ ሥር ተጠራቅሞ ይጠቁራል።

[ምስል፦ በተወለወለ ብረት ላይ የተለጠጠ የሰው ፊት።]

ይህ ሁሉ ውልወላ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ወደ ውሻው ስትጠጉ ራሳችሁን ታገኛላችሁ፦ አብጣችሁ፣ ተለጥጣችሁ፣ ከነክፍሉ። የተመኛችሁት ነገር ፊታችሁን ይዞ ቆሟል። ውጥር ቆዳውና በትንፋሽ የተሞላ የሚመስለው ሆዱ የሰውን ገላ ያስታውሳሉ፤ ኩንስ ራሱ የሚነፉ ነገሮችን ከሰው እስትንፋስ ጋር ያያይዛቸዋል፣ ውሻውንም ሆዱ ውስጥ ወታደሮች ከተደበቁበት ከትሮይ የእንጨት ፈረስ ጋር አመሳስሎታል። ወሎ ናፍቆትን በትዝታ ቅኝት ታውቀዋለች፤ እዚያ የሚናፈቀው የራቀው ነው። እዚህ የሚናፈቀው አፍንጫችሁ ሥር ነው፣ ግን አይነካም። የልጅ መጫወቻ ሆኖ ልጅ የማይጫወትበት!

እኔን ብትጠይቁኝ በ1986 የሠራው ሌላው የስቴንለስ ቅርፁ፣ “ጥንቸል”፣ ይበልጠዋል። ቁመቱ 104 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ፊቱ ላይ ያለው ተመልካቹ ነው።

ገንዘቡም የምኞቱ አካል ነው። ብርቱካናማው ውሻ ኅዳር 2013 ኒውዮርክ ላይ በ58.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ጥንቸሉ ግንቦት 2019 በ91.1 ሚሊዮን። ሁለቱም በየጊዜያቸው በሕይወት ላለ አርቲስት ሥራ በጨረታ የተከፈለ ትልቁ ዋጋ ነበሩ። “ሸቀጥ ነው” ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፦ አዎ፣ ስለ ሸቀጥም ነው። የካቲት 2023 ማያሚ ላይ ደግሞ 42,000 ዶላር የተተመነ ትንሽ የሸክላ ፊኛ ውሻ በአንዲት ጎብኚ ሳቢያ ከመቆሚያው ወድቆ ደቀቀ። ከ799 ቅጂዎች 798 ቀሩ።

[ምስል፦ ሁለት የላሜራ ግማሽ ኳሶች፣ ጠረጴዛ ላይ።]

መሞከር የሚፈልግ በውሻው አይጀምር። የ20 ሳንቲ ሜትር ሁለት ግማሽ ኳሶች በይዱና እስከ 800 አድርሳችሁ በጨርቅ ዲስክ ወልውሉት። ቀጥ ያለ ዘንግ አጠገቡ አቁማችሁ ኳሱን በቀስታ አዙሩ። የዘንጉ ምስል ስፌቱ ላይ ሲደርስ ድንገት ከተሰበረ ሥራው አላለቀም፤ ወደ 240 ተመለሱ።