ባሕር የማይደርሰው አዋሽ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አዋሽ ላጫውታችሁ። ያደግኩት ወንጂ ነው።

ስለ አባይ ብዙ ተዘፍኗል። አዋሽ ግን ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። እኔ እንጃ፣ ለዚህ ይሆናል ከሁሉም ወንዝ አብልጬ የምወደው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሸንኮራውን ያጠጣው አዋሽ ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ ከብት የሚጠጣው፣ እኛም የምንዋኘው እዚያው ነበር። ለመጠጥ ግን ድሮ ሰው የሚመርጠው የጉድጓድ ውሃ ነበር። ጥርት ያለ ነዋ! አዋሽ በክረምት ሻይ በወተት ነው የሚመስለው።

አጎቴ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ልጅ ሆኜ ዓይን አፋር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ማንጎ ሲበላ እጁን ረሳው። የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው፣ አግድም መስመር የሠራባቸው። ለካ ያ ጥርት ያለ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሽ ንጥረ ነገር የበዛበት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ ከእሳተ ገሞራ ዐለት እያጠበ ይመጣል። በጥርስም አላበቃም። ለዓመታት የጠጡት አጥንታቸው ተጎድቶ፣ ጎንበስ ማለት ያቃታቸው አባቶች ነበሩ። የናቅነው ድፍርሱ አዋሽ ግን ፍሎራይዱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ተጣርቶ ቢጠጣ ኖሮ የአጎቴ ጥርስ ይተርፍ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሌላው ከወንጂ በላይ አዋሽ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ። ለመብራት ነው የተሠራው፤ ለታች አገር ደግሞ በበጋም ውሃ አስገኘለት። ክረምቱ ሲገባደድ ግን ይሞላል፣ ይለቀቃል። አባቴ አፈር የሞላ ማዳበሪያ በር ላይ ይደረድር ነበር። አንድ ዓመት ውሃው ሌሊት ገባብን። ጠዋት የእናቴ መሶብ እልፍኙ ውስጥ ተንሳፍፎ አገኘነው።

አሁን ቆቃን ደለል እየሞላው ነው። ከላይ ካሉት እርሻዎች የታጠበ አፈር ነው፤ እሱ በጨመረ ቁጥር የውሃው ቦታ ይጠባል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ከተማው ወንዞቹ ውስጥ የሚጥለው ቆሻሻ በአቃቂ በኩል አዋሽ ነው የሚገባው። ታች አፋር ላይ ግመሎቹም እረኞቹም የሚጠጡት ያንኑ አዋሽ ነው።